የሰው ወርቅ አያደምቅ

ኅዳር ሲጋመስ እዚህ ነቀምቴ ሁለት ነገር ይሆናል። ዝናቡ ጠቅልሎ ይወጣል፤ የሠርግ ወሬ ደግሞ ይገባል። ከጥሪ ወረቀቱ ቀድሞ የሚደርሰው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። መጀመሪያ የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ይዥጎደጎዳል። በሦስተኛው ቀን የጨርቅ ፎቶ ይለጠፋል። በአራተኛው ቀን ዋጋው ይመጣል። በአምስተኛው ቀን «እስካሁን ያልከፈላችሁ» የሚል የስም ዝርዝር ይወጣል።

ባለፈው ሳምንት እኔም እንዲህ ዓይነት ግሩፕ ውስጥ ተጨመርኩ። የጨርቁ ፎቶ ሲለጠፍ ያለፈው ጥር ትዝ አለኝ። የዛሬው ጽሑፌም የመጣው ከዚያ ስለሆነ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ባለፈው ጥር የአጎቴ ልጅ ግምቢ ላይ ተዳረች። የቤተ ዘመድ ሴቶች አሥራ አንድ ነን። አንድ ዓይነት የሀበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ተሠርቶ እንዲመጣ ተስማማን። «ተስማማን» ስል ሁለት ሰው ተናገረ፣ ዘጠኛችን የአውራ ጣት ምልክት ላክን ማለቴ ነው። የተመረጠው ቀለም እኔን እንደማይሆነኝ አውቃለሁ። ዋጋው የወር ደመወዜን ግማሽ እንደሚወስድም አውቃለሁ። ግን በዘመድ ሠርግ «አይሆነኝም» የምትል ሴት ምን እንደምትባል እናንተም ታውቃላችሁ። ከፈልኩ።

ቀሚሱ ሲመጣ «ያለ ወርቅ አይደምቅም» ተባለ። እኔ ያለችኝ አንዲት ቀጭን የአንገት ሀብል ናት። ስለዚህ ከሥራ ባልደረባዬ የወርቅ ጉትቻና ሀብል ተዋስኩ። ደግ ሴት ናት፤ ሳታመነታ ሰጠችኝ። እኔ ግን ሠርጉን ሙሉ እጄ ከጆሮዬ አልወረደም። ጭፈራው ሲደምቅ ሌላው ይዘላል፣ እኔ የሰው ንብረት እጠብቃለሁ። ምሳውን እንኳ በአንድ እጄ የበላሁ ይመስለኛል።

ሠርጉ አልፎ ፎቶው መጣ። አምስት ዓመት የሆናትን ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አሳየኋት። «እማዬ የታለች?» አልኳት። አየች፣ አየችና ጣቷን የአጎቴ ሚስት ላይ አሳረፈች። ባለቤቴ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። «አዳዳስ?» ስላት ግን አንድ ሰከንድ አልፈጀባትም። ፎቶው ጥግ ላይ፣ ከሰው ትከሻ ኋላ፣ ግማሽ ፊታቸው ብቻ የሚታየውን ሴትዮ ጠቆመችኝ። ትክክል ነበረች።

አዳዳ የአባቴ እህት ናቸው። እንደ ሌላው አልለበሱም። «እኔ አሮጊት ነኝ፣ ተዉኝ» ብለው የራሳቸውን ነጭ ቀሚስ ነው ያደረጉት። ሰማያዊ ሻሻቸውን እንደ ወትሮው ወደ ቀኝ ቋጥረዋል። አንገታቸው ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ የማትለያቸው አንዲት ረድፍ ቀይ ጨሌ አለች። በቃ። ለቅሶም ይሁን ገበያ፣ ምርቃትም ይሁን ሠርግ፣ ሰማያዊ ሻሽና ቀይ ጨሌ ካያችሁ አዳዳ መጡ ማለት ነው።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የደመወዜን ግማሽ ከፍዬ፣ ወርቅ ተውሼ፣ የገዛ ልጄ ልትለየኝ አልቻለችም። አዳዳ ምንም ሳይገዙ ግማሽ ፊታቸው በቃ።

በምን ትታወቃላችሁ?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ኮሌጅ ስለ ብራንድ ሲያስተምሩን ሁላችንም መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ዓርማና ስለ ማስታወቂያ ነበር። ውሎ አድሮ የገባኝ ግን ብራንድ ማለት ሰው ደጋግሞ አይቶ የሚያስታውሰው ነገር ነው። በየወሩ ቀለሙን የሚቀይር ድርጅት ምን ያህል ገንዘብ ቢያፈስ አይታወስም። አንዱን መርጦ የጸናው ግን ከሩቅ ይታወቃል። ይህን በሥራ ቦታ በየስብሰባው እናገራለሁ። ለራሴ ቁም ሣጥን ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር።

«የራስ ስታይል» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ብዙ ልብስ ያለውን ሰው ነው። አዲስ ፋሽን ቀድሞ የሚይዘውን፣ አንድ ልብስ ሁለቴ የማይደግመውን ማለቴ ነው። እኔ አሁን የማምነው ተቃራኒውን ነው። የራስ ስታይል ማለት የምትደግሙት ነገር ነው። ባትኖሩ ሰው «ይሄ የእሷ ነው» ብሎ የሚያነሣው ሻርፕ፣ «ይሄ የእሱ ነው» የሚባለው ባርኔጣ ነው። ለዚህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ራስን ማወቅና ለጥቂት ጊዜ አለመወላወል ነው።

አንድ ነጠላ ስንት ይናገራል?

በልብስ ራስን መግለጽ ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ እናቶቻችንን ይመልከት። አንዲት ነጠላ ብቻ ይዘው ስንቱን ይናገሩ ነበር። በአዘቦት ቀን ትከሻ ላይ ጣል ትደረጋለች። ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ትጣፋለች። እንግዳ ለማስተናገድ ሲነሡ ወገብ ላይ ታደገድጋለች። ሐዘን የደረሰበት ሰው ደግሞ ያዘቀዝቃታል፤ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። ጨርቋ ያችው ናት፣ አለባበሷ ግን መልእክት ነው። መንገድ ላይ ያያት ሰው ሳይጠይቅ «ምን ደረሰባት?» ብሎ ይደነግጣል።

እዚህ ወለጋም የራሳችን አለን። ቡሉኮን ውሰዱ። ከጋቢ የወፈረ የጥጥ ፈትል ነው፤ የነቀምቴንና የሻምቡን ብርድ የሚያውቅ ሰው ዋጋው ይገባዋል። ግን ለብርድ ብቻ አይደለም። በሠርግ ቀን ለአባት፣ በዕርቅ ቀን ለሽማግሌ ሲለበስ ክብር ነው። አንድ አባት ቡሉኮውን እንዴት እንደሚደርበው አይታችሁ ከሩቅ «እገሌ ናቸው» ትላላችሁ። ጨሌውም እንደዚሁ ነው። ቀለሙና አደራደሩ የባለቤቷን ምርጫ ይናገራል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚህ ከተማችን ወዳለው የወለጋ ሙዚየም ጎራ በሉ። የድሮ ሰዎች በጥቂት ዕቃ ምን ያህል ያጌጡ እንደነበር በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ቀለም፣ የኦዳ ዛፍ ምስል ያለበት ሸሚዝ፣ ክራባት፣ ቀሚስ በኢሬቻ ሰሞን ብቻ ሳይሆን በሥራ ቀንም ማየት የተለመደ ሆኗል። እኔ ደስ ይለኛል። የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህም የራሳችሁ እንዲሆን አድርጉት ነው። ሙሉ ልብሱን ከላይ እስከ ታች ማድረግ ግዴታ አይደለም። በተራ ጂንስ ሱሪ ላይ አንድ የባህል ሸሚዝ፣ በግራጫ የሥራ ኮት ላይ አንድ ቀይ ጨሌ ከሙሉው ይበልጥ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

የራስን ተራ ነገር ቁም ነገር ብለው ያዩ ሰዎች የት እንደደረሱም እናውቃለን። በረባሶ ጫማን ስንቶቻችን አፍረንበታል? ቤተልሔም ጥላሁን ግን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ ሶል ሬብልስን ስትመሠርት የተነሣችው ከዚያው ከጎማ ሶል ነው፤ ጫማው ዓለምን ዞረ። ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ብራንድ ስትጀምር የያዘችው የሀገራችንን ሸማኔዎች የእጅ ሥራ ነው። ሁለቱም ከሌላ ሰው አልተዋሱም። የቤታቸውን ነገር በሌላ ዓይን አዩት።

ዩኒፎርም የምንለብስ ሰዎችስ?

«የምትይው መልካም ነው፤ እኔ ግን በሳምንት አምስት ቀን ዩኒፎርም ነው የምለብሰው» የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም አንዷ ነኝ። የመሥሪያ ቤቴ ኮትና ቀሚስ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ሁላችንም አንድ እንመስላለን። ግን አስተውሉ፤ ዩኒፎርሙ የሚሸፍነው ሰውነታችንን ነው። ራሳችን፣ አንገታችን፣ ጆሯችን፣ እጃችን፣ እግራችን፣ ቦርሳችን የእኛ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱን ብቻ መምረጥ ይበቃል።

የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ማዴሊን ኦልብራይትን ታስታውሱ ይሆናል። የዲፕሎማት ኮት ለብሰው ነው የኖሩት። በኮታቸው ደረት ላይ የሚሰኩት ጌጥ ግን ይናገር ነበር። የኢራቅ መገናኛ ብዙኃን እባብ ብለው ሲሰድቧቸው፣ ከኢራቅ ባለሥልጣናት ጋር ሲገናኙ የእባብ ቅርጽ ያለው ጌጥ ሰክተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛ ሁሉ የሴትዮዋን ደረት እያየ የዕለቱን ስሜታቸውን ይገምት ጀመር። አንዲት ትንሽ ጌጥ ይህን ያህል ሥራ ትሠራለች።

እኔ የመረጥኩት ስካርፍ ነው። በዩኒፎርሜ አንገት ላይ የማስረው ቢጫ ስካርፍ። ለምን ቢጫ? የጠይም ፊቴን ያበራዋል፤ ደግሞም እናቴ የምትወደው ቀለም ነው። በሁለት ወር ውስጥ ደንበኞች ስሜን ባያውቁ «ያችን ባለ ቢጫዋን ጥሩልኝ» ማለት ጀመሩ። ለማርኬቲንግ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም።

ወንዶችም አትሸሹ። ባለቤቴ «እኔን አይመለከተኝም» ሲል ነበር። አባቱ የተዉለትን አሮጌ የእጅ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። ማሰሪያውን አስቀይሮ ማድረግ ከጀመረ ወዲህ ሰዓት የጠየቀው ሰው ሁሉ የአባቱን ታሪክ ሰምቶ ይሄዳል።

የእናቴ ጉትቻ

አሁን ወደ ወርቁ ልመለስ፤ ያን ማታ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነውና።

ወለጋ የወርቅ አገር ናት። ነጆ በወርቋ፣ ዩብዶ በፕላቲነሟ ስማቸው የታወቀ ነው። ደምቢ ዶሎ ደግሞ በወርቅ ሠሪዎቿ። ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ጉትቻ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። የሚያሳዝነው፣ ያስጌጡንን እጆች ለዘመናት «ቀጥቃጭ» እያልን መስደባችን ነው። ሸማኔውንም እንዲሁ። የለበስነውን እየወደድን የሠራውን መናቅ ምን የሚሉት ነገር ነው?

እናቴም ከነጆዋ አያቴ የወረሰችው አንድ ጥንድ ጉትቻ ነበራት። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ስተኛ በጣቴ አወዛውዘው ነበር። አንድ የግል ኮሌጅ የገባሁ ዓመት ለእረፍት ቤት ስመጣ ጆሮዋ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። «ጉትቻሽ የት ሄደ?» አልኳት። «ከበደኝ፤ ጆሮዬን እያመመኝ ተውኩት» አለችኝ። አመንኳት። እውነቱን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ከአዳዳ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ክፍያዬ ሆኖ ነበር።

ስመረቅ እናቴ እንድትደምቅ ፈለግሁ። የጓደኛዬ እናት ብዙ ወርቅ አላቸው፤ ለአንድ ቀን ጉትቻ እንዲያውሷት ጠይቄ እሺ ብለውኝ ነበር። ለእናቴ ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በማግሥቱ ነጭ ቀሚሷን ተኩሳ፣ ሳጥን ውስጥ ከአሪቲ ጋር ያስቀመጠቻትን ነጠላ አውጥታ፣ ቢጫ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ መጣች። ጆሮዋ ባዶ ነበር። ስታቅፈኝ አሪቲ አሪቲ ሸተተችኝ።

የምርቃት ፎቶዬ እስከ ዛሬ ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ። ብዙ ሰው የቆመበት ፎቶ ነው። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ግን ሳንነግረው «እናትሽ እቺ ናት አይደል?» ይላል።

እንግዲህ ይህን ያየሁ ሰው ነኝ ባለፈው ጥር ወርቅ ተውሼ ጆሮዬን ስጠብቅ የዋልኩት። ያፈርኩት በገንዘቡ አይደለም። እናቴ ወርቋን ሸጣ የገዛችልኝን ዕውቀት ይዤ፣ እሷ በአንዲት ተረት የነገረችኝን አለመማሬ ነው ያሳፈረኝ።

ወርቅ አትግዙ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ወርቅ ለእናቶቻችን ባንክ ነበር፤ የእኔም ትምህርት ምስክር ነው። ስትገዙ ግን አስባችሁ ግዙ። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው፤ 75 በመቶ ማለት ነው። 21 ካራት ደግሞ 87.5 በመቶ። ግራሙንና ካራቱን በደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ለአሠራሩ የከፈላችሁት የእጅ ዋጋ ስትሸጡት እንደማይመለስ እወቁ። ከሁሉ በላይ በየቀኑ የምታደርጉትን ግዙ። በዓመት አንዴ ከሣጥን ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ከሚያሳስባችሁ ትልቅ ሀብል፣ ሁልጊዜ ጆሯችሁ ላይ ያለች ትንሽ ጉትቻ ትሻላለች።

ቁም ሣጥኑን በካልኩሌተር

የንግድ ሥራ ተማሪ ስለነበርኩ ሒሳብ ሳልሠራ አልቀርም፤ ታገሡኝ። ለምሳሌ አንድ ቀሚስ 6,000 ብር ገዝታችሁ አንድ ቀን ብቻ ብትለብሱት አንዱ መልበስ 6,000 ብር ወጣበት። አንድ ስካርፍ 1,500 ብር ገዝታችሁ በዓመት 100 ቀን ብታስሩት ግን አንዱ ቀን 15 ብር ነው። የቱ ነው ውዱ? ልብስ ስትገዙ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ጊዜ እለብሰዋለሁ?» በሉ። ይህች ጥያቄ ብቻ እኔን ባለፉት ወራት ከሦስት ግዢ አድናኛለች።

ከዚያ ቀጥሎ ወዳጃችሁ ልብስ ሰፊው ነው። የሳልባጅ ልብስ በርካሽ የምትገዙም ሆነ ከቡቲክ የምትገዙ፣ ልብስ የእናንተ የሚሆነው በልካችሁ ሲስተካከል ነው። ትከሻው የወረደ ኮት ውድም ቢሆን የተውሶ ይመስላል። የተስተካከለ ግን ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም። አንድ ጥሩ ልብስ ሰፊ ያዙ፣ ልካችሁን ይወቅ፣ የሚገባውን ክፈሉት።

አየሩንም አትርሱ። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለች፣ ክረምቷ ረጅም፣ ጭቃዋ ቀይ በሆነች ከተማ ነው። ቲክቶክ ላይ ያየነው ነጭ ሸራ ጫማ ሐምሌ ላይ ከቤት እስከ ታክሲ አይደርስም። የእኛን ክረምት ከሚያውቅ ነገር ጀምሩ፤ የሚያምር ዣንጥላ፣ ደስ የሚል ቀለም ያለው ቦት ጫማ፣ ወፍራም ሹራብ። ዣንጥላ በዓመት ግማሹን ጊዜ እጃችን ላይ ካለ እሱም ጌጣችን ነው፤ ለምን ሁልጊዜ ጥቁር ይሆናል?

የሀገር ልብስ ያላችሁ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ በኃይል አትጭመቁት፣ ጥላ ላይ አስጡት። ጥለቱ ቀለም የሚለቅ መሆኑን መጀመሪያ በጫፉ ሞክሩ። ካጠቡ በኋላ ሳይደርቅ አጥፎ ማስቀመጥ በእኛ እርጥበት ሻጋታ መጥራት ነው።

ከየት ልጀምር?

ብዙ ሥራ አልሰጣችሁም። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ አድርጉ።

አንደኛ፣ ስልካችሁ ውስጥ ያለፈውን ዓመት ፎቶ ተመልከቱ። ከሁሉም ይልቅ ራሳችሁን የምትመስሉበትን አንድ ፎቶ ፈልጉ። ምን ነበር የለበሳችሁት? ብዙ ጊዜ መልሱ ውዱ ልብስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ምረጡ። ቀለም ሊሆን ይችላል፣ ጨሌ፣ ሰዓት፣ የሻሽ አስተሳሰር፣ ባርኔጣ። አንድ ብቻ። ለሁለት ወር ሳትሰለቹ አድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት የሚስቅ ይኖራል። በስምንተኛው ሳምንት የቀራችሁበት ቀን «ዛሬ የት ጣልሽው?» ትባላላችሁ።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁ ይምረጡ። ጠዋት ጠዋት ከልጅ ጋር ስለ ልብስ የምንጣላው ብዙውን ጊዜ እኛ ሰው ፊት ምን እንደምንባል ፈርተን ነው። ዩኒፎርሙ ይለበስ፣ ግን ካልሲውን፣ የፀጉር ማስያዣውን፣ የቦርሳውን ማንጠልጠያ እነሱ ይምረጡ። የኔዋ ሁለት የተለያየ ቀለም ካልሲ ነው የምታደርገው፤ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። መጀመሪያ አስተማሪዋ ደውላልኝ ነበር። አሁን ግን በእረፍት ሰዓት ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል በእግሯ ነው የምለያት።

አንድ መምሰል ሲያስፈልግስ?

ከመሰናበቴ በፊት ለዘመዶቼ አንድ ነገር ልመስክር፤ ይህን ጽሑፍ ያነባሉና። በሠርግ ቀን አንድ ዓይነት መልበስ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሙሽራዋ ዙሪያዋን ስታይ «ወገኖቼ አሉ» እንድትል ነው። ይህ ፍቅር ነው። ክፉ የሚሆነው ያ ፍቅር በኪስ ሲለካ ነው። «ያልከፈላችሁ» ዝርዝር ውስጥ የምትወጣው ሴት ኅዳር ላይ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለባት፣ ዕቁብ አለባት፣ የታመመ ሰው አለባት። አታወራም። ትበደራለች እንጂ አትቀርም።

ስለዚህ በዘንድሮው ግሩፕ የጨርቁ ፎቶ ሲለጠፍ አውራ ጣቴን አልላክሁም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እህቶቼ፣ ቀለሙን እንስማማ፤ ቀሚሱን ግን እያንዳንዳችን ካለን እናውጣ። ነጭ የሌለው ሰው የለም። ሙሽራዋ በመረጠችው ቀለም ሁላችንም አንድ ዓይነት ሻሽ እንሰር። ጌጥ ደግሞ ሁሉም የራሱን።»

ግሩፑ ለአንድ ሰዓት ያህል ጸጥ አለ። ልቤ ይመታ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ከዚያ የአጎቴ ሚስት፣ ያቺ ልጄ በእኔ የተካቻት፣ አንድ ቃል ጻፈች፦ «ተመስገን።» ከእሷ ቀጥሎ ስድስት አውራ ጣት መጣ። አንዷ በግል መልእክት «እኔ እንዴት እንደምከፍል ጨንቆኝ ነበር» አለችኝ። ሁለቱ ግን እስካሁን አኩርፈዋል፤ በሠርጉ ቀን እታረቃቸዋለሁ።

አዳዳ ቴሌግራም የላቸውም። ስልክ ደውዬ የተወሰነውን ነገርኳቸው። «ሻሹ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉኝ። «ሙሽራዋ ቢጫ መርጣለች፤ እርስዎ ግን ሰማያዊዎን ያስሩ፣ ማንም አይቆጣም» አልኳቸው። «ይቆጡ!» ብለው ሳቁ።

እኔ ጥር ላይ ቀጭኗን ሀብሌን ብቻ አደርጋለሁ። ፎቶው ሲመጣ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጠይቃታለሁ። መልሷን እነግራችኋለሁ።

እስከሚቀጥለው ወር ደህና ሰንብቱ።